ያልታተመው የመኪና መጽሔት

እሁድ ረፋድ ላይ ሶደሬ የሄደ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። እናቶችና ልጆች ፎጣቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ፍል ውሃው ያመራሉ። አባወራው ግን መኪና ማቆሚያው ላይ ይዘገያል። አንዱ ኮፋኖ ከፍቶ ሞተር ያሳያል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ የጎማ ጥርስ ይዳብሳል፤ ሦስተኛው ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ የጎረቤቱን መኪና ዋጋ ይጠይቃል። ጦጣዎቹ ከዛፍ ላይ ሆነው ሙዝ የያዘውን ሰው ሲያጠኑ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ሰዉ እርስ በእርሱ መኪናውን ያጠናል።

በቅርቡ አንዷ የኤሌክትሪክ መኪና እንዲህ ሰው ሰብስባ አገኘኋት። ከአዲስ አበባ የመጣች ነጭ መኪና ናት። ባለቤቷ ወጣት ነው፤ አዲስ ገዢ መሆኑ መቀመጫው ላይ ካለው ላስቲክ ያስታውቃል።

«ልጄ፣ አንዴ ከሞላሃት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄድልሃለች?» አሉት አንድ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት።

«አባባ፣ ስገዛት 500 ብለውኛል።»

«300 ካገኘህ አመስግን» አለ ከጎኑ የቆመው። ሌላው «ቁልቁለቱን ስትወርድ እኮ ራሷን ትሞላለች» አለ። አራተኛው የአጎቱን ልጅ ታሪክ ጀመረ። አምስተኛው «ሽቅብ ስትመለስ ታያታለህ» ብሎ ሳቀ። ወጣቱ ከሁሉም ፊት ላይ እውነቱን ሊያነብ ሞከረ፤ አልቻለም። መጨረሻ ላይ «ለማንኛውም አዳማ ላይ ቻርጅ ሳላደርግ አልመለስም» ብሎ ወደ ቤተሰቡ ሄደ።

ወዳጆች፣ የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ይህች ወሬ ናት። ይህ ልጅ ምናልባት የአሥር ዓመት ቁጠባውን፣ ምናልባትም የቤተሰቡን ቦታ ሸጦ ይሆናል መኪናዋን የገዛው። ሆኖም ስለገዛት ነገር የሚያውቀው ሻጩ የነገረውን ብቻ ነው። ጣሊያን ወይም እንግሊዝ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ክርክር በአንድ ጥያቄ ያልቅ ነበር፦ «መጽሔቱ ምን አለ?» እኛ ጋ ግን የሚጠየቅ መጽሔት የለም። ለምን የለም? በሌለበትስ ሥራውን ማን ሲሠራልን ኖረ? ታሪኩ ደስ ይላል፤ ስለዚህ ከሩቅ ልጀምር።

ከአድዋ አራት ወር በፊት

በዓለም ላይ የመጀመሪያው ነው የሚባለውና እስከ ዛሬ ድረስ ያልተቋረጠው የመኪና መጽሔት የእንግሊዙ «አውቶካር» ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1895 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ጥቅምት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ይሆናል። አድዋ የካቲት 23 ነው፤ ልክ አራት ወር ይቀረው ነበር ማለት ነው። የእኛ ሰው ስንቁን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወደ ሰሜን በሚተምበት ሰሞን፣ አንድ እንግሊዛዊ አሳታሚ ስለ መኪና ብቻ የሚያወራ ሳምንታዊ መጽሔት ጀመረ።

የሚገርመው በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥም መኪና የለም ለማለት ይቀላል። ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሕጉም የእንፋሎት ትራክተርን ታስቦ የወጣ አሮጌ ሕግ ስለነበር መኪና ከከተማ ውጭ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ብዙም ሳትበልጥ እንድትሄድ፣ ከፊቷም ሰው በእግሩ እንዲቀድማት ያስገድድ ነበር። ታዲያ ያ መጽሔት ለማን ነበር የሚጻፈው? ገና ላልመጣ አንባቢ ነው። ሥራው መጀመሪያ ሕጉን መሟገት ነበር። በዓመቱ ሕጉ ተለወጠ፤ ፍጥነቱም ወደ 22 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። መጽሔቱ ከመኪናው ቀድሞ ደርሶ መንገድ ጠርጎ ጠበቀው ማለት ይቻላል።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። «እኛ አገር መኪና ጥቂት ስለሆነ ነው የመኪና መጽሔት ያልኖረን» የሚለውን መልስ ብዙ ሰው ይሰጣል። አውቶካር ይህን መልስ ያፈርሰዋል። የመኪና ማነስ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የሚያስፈልገው «መኪና የእኔ ጉዳይ ነው» የሚል ዜጋ ነው። የእኛ ነገር የተበላሸውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የመንግሥት ነገር ሆና መጣች

መኪና ኢትዮጵያ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት መንገድ እየፈለገ፣ መኪናውን አዲስ አበባ አድርሶ ለአፄ ምኒልክ አሳየ። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ሁለቱም ሲመጡ ዓይናቸው ቤተ መንግሥቱ ላይ ነበር። መኪና እኛ ዘንድ በገበያ በኩል አልገባችም፤ በቤተ መንግሥት በር ነው የገባችው።

ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ከሥልጣን አልተለየችም። መኪና ያለው ሰው ማለት ንጉሥ፣ መኳንንት፣ ሚኒስትር፣ ቆንስል፣ ሀብታም ነጋዴ ነው። የፖለቲካ ታሪካችንን ራሱን በመኪና መተረክ ይቻላል። በሮልስ ሮይስና በመርሴዲስ ሲሄዱ የኖሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ያቺን ትንሽ መኪና ያየ ሰው አዋጅ ማንበብ አላስፈለገውም፤ ምን እንደተደረገ ገባው። ታርጋችን ራሱ እስካሁን ማን እንደሆንክ ይናገራል፦ ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት። መንገደኛው መኪናዋን ሳያይ ቁጥሯን ያያል።

መኪና የማዕረግ ምልክት በሆነበት አገር ስለ መኪና መጻፍ ስለ ባለ መኪናው መጻፍ ይሆናል። «ይህቺ መኪና ፍሬኗ ደካማ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው የባለቤቱን ክብር የነካ ይመስላል። በንጉሡ ዘመን የሃይላንድ ራሊ የሚባል የመኪና ውድድር ነበር፤ ጋዜጦች አሸናፊውን ጽፈዋል። የ1985ቱ የፕሬስ ሕግ ሲወጣ ደግሞ የፖለቲካው፣ የስፖርቱ፣ የፍቅሩ፣ የኪነ ጥበቡ መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ትውልድ የሚያሳድግ፣ ገዢ ከመግዛቱ በፊት የሚያማክረው የመኪና መጽሔት ግን ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሐል አልወጣም።

ጣሊያንኛ የሚናገረው ጋራዥ

መጽሔቱ ባይኖርም ቋንቋው ግን ነበር። አዳማ ላይ ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ አንድ ቀን ብትውሉ ከምትሰሙት ቃል ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ፓራፋንጎ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው፤ መኪና የሚታጠበው ላቫጆ ነው። ኪሳችን ውስጥ ያለው ሊብሬ፣ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ቦሎ፣ ፊትና ኋላ የሚታሰረው ታርጋ ሳይቀር ከዚያው የመጣ ነው። አምስት ዓመት የቆየ ወረራ ከኋላው መቶ ዓመት የሚዘልቅ የመካኒክ መዝገበ ቃላት ጥሎ ሄደ። ከጦርነቱ የተረፈው «ትሬንታ ኳትሮ» የጭነት መኪናም ስሙ ከአባቶቻችን አፍ ሳይጠፋ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የመጡት መኪናዎችም ዘራቸው ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ሰይቼንቶዎች ነበሩ፤ ፊያት 600 ማለት ነው። ቀጥሎ የነገሠችው ላዳ ደግሞ ሶቪየት ትሁን እንጂ ንድፏ ከፊያት 124 የተወሰደ ነው። ከባዱን የጭነት መኪናም ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አምቼ አዲስ አበባ ላይ ይገጣጥም ጀመር፤ እሱም የፊያት ልጅ ነበር።

እንግዲህ በዚያው ሰይቼንቶ በተፈጠረችበት አገር ምን ተደረገ? ፊያት 600 ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በዓመቱ፣ በ1956፣ ጃኒ ማዞኪ የሚባል አሳታሚ «ኳትሮሩዎቴ» የሚል መጽሔት ጀመረ። ትርጉሙ «አራት ጎማ» ነው። ማዞኪ አንድ ነገር ገብቶታል፦ እስከ ትናንት በቬስፓና በብስክሌት የሚሄደው ጣሊያናዊ ነገ መኪና ሊገዛ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ የላቡ ነው። ስለዚህ መጽሔቱ የመኪናን ውበት ብቻ አላወራም። መኪናዋን እየነዳ፣ በሰዓት እየለካ፣ ነዳጇን እየመዘነ ጻፈ። ያገለገለ መኪና በስንት ቢሸጥ ተገቢ እንደሆነ የሚያሳይ የዋጋ ዝርዝር አወጣ። ያ ዝርዝር እያደር ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ፣ ኢንሹራንስ ሲገምት፣ እንደ ዳኛ የሚጠቀስ ሆነ።

ተመልከቱ፤ ያው ብረት፣ ያው ካንዴላ፣ ያው ባሌስትራ እኛም ጋ መጣ። ቃሉ መጣ፣ ሞተሩ መጣ፣ መፍቻው መጣ። ሚዛኑ ግን አልመጣም።

ስም የሚያወጣው ሕዝብ

«ሚዛን አልነበረንም» ስል ግን ልዋሽ አልፈልግም። አንድ ሚዛን ነበረን። የቅጽል ስም ነው።

የኢትዮጵያ ሕዝብ መኪናን የሚገመግመው ስም በማውጣት ነው። በአገር ውስጥ ቦዲ ተሠርቶለት የሚንገጫገጨውን አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» አለው፤ ከዚህ የበለጠ የመቀመጫና የባሌስትራ ግምገማ ማን ይጽፋል? ጣሪያዋ ከፍ ያለውን ሚኒባስ «ዶልፊን» አላት። ቀጥላ የመጣችውን ሰፊዋን «አባዱላ» አላት። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሌሊት እየበረረ መንገድ ላይ ሰው ሲፈጅ «አልቃይዳ» የሚል ስም ወጣለት። የሲኖ ገልባጭ ከተማ ውስጥ ገብቶ እግረኛ ሲጨፈልቅ «ቀይ ሽብር» ተባለ። እያንዳንዱ ስም አንድ ቃል የሆነ ርዕሰ አንቀጽ ነው። አጭር ነው፣ ያስቃል፣ ይናደፋል፣ ማስታወቂያ ሰጪም አያስፈራውም።

አዳማ ደግሞ የዚህ ያልታተመ መጽሔት ዋና ዝግጅት ክፍል ናት ብል ማጋነን አይሆንም። የጅቡቲ መንገድ በዚህ ያልፋል፤ የአሰላና የባሌ መንገድ ከዚህ ይወጣል፤ የሐረርጌው በዚህ ይሻገራል። ከባቡር ጣቢያነት የተነሳች፣ በጋሪ ያደገች፣ በባጃጅ የተጥለቀለቀች ከተማ ናት። ሌሊት የሚያድረው ሾፌር ራት ላይ ሲቀመጥ የትኛው ሞተር አዋሽ በረሃ ላይ እንደሚግል፣ የትኛው ፍሬን ቁልቁለት ላይ እንደሚከዳ፣ የትኛው መለዋወጫ ቅጂ እንደሆነ ያወራል። የዚያን ምሽት ወሬ ሰብስቦ ያተመ ሰው ቢኖር ኖሮ ከአውቶካር ጎን የሚደረደር ሥራ ይወጣው ነበር።

ግን ይህ የቃል መጽሔት ሦስት ጉድለት አለበት።

አንደኛ፣ ከባለቤቱ ጋር ይሞታል። ላዳን ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ ሲያርፍ፣ የአርባ ዓመት እትም አብሮት ይቀበራል።

ሁለተኛ፣ ወገንተኛ ነው። ጋራዡ ያቺን መኪና «አሪፍ ናት» የሚልህ ስለምትጠነክር ይሁን ወይስ መለዋወጫዋ እሱ ጋ ስላለ አታውቅም።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ ዘግይቶ ይመጣል። «አልቃይዳ» የሚለው ስም የወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። «ቀይ ሽብር» የተባለው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። የመንገድ ዳር ግምገማ የሚጻፈው በሬሳ ነው። የታተመ ፈተና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ፍሬኑን የሚለካው አንተ ልጆችህን ጭነህ ከመውረድህ በፊት ነው።

አንዲት ሬዲዮና አንዲት ሞተር

የውጭዎቹን መጽሔቶች ግን መላእክት አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። አሜሪካ ውስጥ «ካር ኤንድ ድራይቨር» የሚባል መጽሔት አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 በሌላ ስም ተጀምሮ በ1961 ይህን ስም ያዘ። ጠባዩ ቀልደኛ፣ ተሳዳቢ፣ ለማንም የማይመለስ ነው ይባልለታል። ሁለት ታሪኮቹን ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው የ1964 ነው። መጽሔቱ የአሜሪካውን ፖንቲያክ ጂቲኦ ከጣሊያኑ ፌራሪ ጂቲኦ ጋር አነጻጽሮ የፖንቲያክን ጉልበት አወደሰ። አንባቢ ተደነቀ፤ ፖንቲያክ ሸጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ከፖንቲያክ ወገን የነበረው ሰው ራሱ እውነቱን ተናገረ፦ ለፈተና የተሰጠችው መኪና ገዢ በሱቅ ከሚያገኛት የተለየ፣ የበለጠ ትልቅ ሞተር ተገጥሞባት ነበር። መጽሔቱ የለካው መኪና ገበያ ላይ አልነበረችም።

ሁለተኛው የ1968 ነው። ዴቪድ ኢ ዴቪስ የሚባለው ጸሐፊ ቢኤምደብሊው 2002ን ነድቶ እስከ ሰማይ አመሰገናት። በዚያ ሁሉ ምስጋና መሐል ግን መኪናዋ ላይ የተገጠመችውን የብላውፑንክት ሬዲዮ አብጠለጠላት። የሬዲዮው ኩባንያ ማስታወቂያ ሰጪ ነበር፤ ተቆጣ። ውዝግቡ ከርሮ ዴቪስ መጽሔቱን ለቀቀ። በአንዲት ሬዲዮ ምክንያት። ኋላ ግን ተመልሶ ዋና አዘጋጅ ሆነ፤ ያ ጽሑፉም እስከ ዛሬ ይነሳል።

ከሁለቱ አንድ ትምህርት ይወጣል። የመኪና መጽሔት ክብሩ ያለው በፎቶው ጥራት አይደለም። «መኪናዋን ማን ሰጠህ?» እና «ደመወዝህን ማን ይከፍልሃል?» ለሚሉት ጥያቄዎች ባለው መልስ ነው። አንዳንዶች ይህን አውቀው መፍትሔ አበጁ። «ኮንሲውመር ሪፖርትስ» የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት የሚፈትነውን መኪና እንደማንኛውም ሰው ስሙን ደብቆ ከሻጭ ይገዛል፤ የመኪና ማስታወቂያም አይቀበልም።

አሁን ይህን ይዛችሁ ስልካችሁን ክፈቱ። የመኪና ገበያ ቻናሎቻችን ምን ይላሉ? «ምንም ወጪ የሌለባት።» «ሞተሯ ያልተነካ።» «ቀለሟ የፋብሪካ።» «በሐኪም የተያዘች።» «ነዳጅ ሞልቶ መንዳት ብቻ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር። እነዚህ ቻናሎች አንድ ጠቃሚ ሥራ ሠርተዋል፤ የኳትሮሩዎቴን የዋጋ ዝርዝር ሳያስቡት ተክተዋል። ዛሬ አዳማ ያለ ገዢ የአዲስ አበባን ዋጋ በደቂቃ ያውቃል። ነገር ግን እስካሁን «ይህቺን መኪና አትግዙ» የሚል ደላላ አላጋጠመኝም። በቪዲዮ የሚመጡት አስተዋዋቂዎችም መኪናዋን የሚቀበሉት ከሻጩ ነው፤ የሚመልሱትም ለሻጩ ነው። መሐል ላይ የሚነገረው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ለምን አሁን?

እስካሁን ያለ መጽሔት ኖረናል፤ ዛሬ ምን ተገኘ? የተገኘው ይህ ነው። የድሮው መካኒካዊ ዕውቀታችን በአንድ ጊዜ ዋጋ ሊያጣ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በዚያው ዓመት ክረምት የኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተር አገር ውስጥ የገጣጠማትን የኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ አሳየ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ የደረሰ አገር ከእኛ በፊት አልነበረም ማለት ይቻላል። ውሳኔውን ደግፉትም ተቃወሙትም፣ ውጤቱ አንድ ነው፦ ቪትዝና ዲኤክስ ላይ ያካበትነው የአርባ ዓመት ወሬ ለአዲሷ መኪና አይሠራም። ካንዴላ የላትም። ፍሪሲዮን የላትም። ማርሚታ የላትም። የጋራዡ ጣሊያንኛ አፉን ዘጋ። የመኪናዋ ስክሪን ላይ የሚነበበው ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ነው፤ ለቻይና ገበያ ተሠርታ የመጣች ናትና።

«የውጭውን ግምገማ እናነባለን» የሚል ይኖራል። አንብቡ፤ ግን አይበቃም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

ሻጩ «500» ያለው ቁጥር ቻይና ውስጥ በላቦራቶሪ የተለካ ነው፤ የቻይናው አለካክ ደግሞ ከአውሮፓውና ከአሜሪካው ይልቅ ለጋስ ነው። አሁን ወደ እኛ መንገድ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ አዳማ 1,600 አካባቢ ናት። ልዩነቱ 700 ሜትር ያህል ነው። ከነተሳፋሪዎቿ 1,800 ኪሎ የምትመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ያስፈልጋታል፤ በመንገድ የሚባክነውን ሳንጨምር። በሜዳ ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት የምትፈጅ ከሆነ፣ ሽቅቡ ብቻ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ቀማት ማለት ነው። ስትወርድ በፍሬን የምትሰበስበው አለ፤ ግን የወጣውን ሁሉ አይመልስም። ሶደሬ ላይ የሳቀው ሰው ልክ ነበር። «ራሷን ትሞላለች» ያለውም ግማሽ ልክ ነበር። ስንት እንደሆነ የሚነግራቸው ብቻ አልነበረም።

በተቃራኒውም እንይ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ጉልበቱ በዚያው ገደማ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ የአውሮፓ መጽሔት «ሁለቱ እኩል ናቸው» ያላቸው መኪናዎች እንጦጦ ላይ እኩል አይደሉም። የሎንዶንና የሚላን ሰዓት የእኛን ዳገት አይለካም። የስምጥ ሸለቆን ሙቀት፣ የመንገዳችንን አቧራ፣ የመብራት መቆራረጡን ማንም አይፈትንልንም።

«ይህ ሁሉ ለባለ መኪና ነው፤ እኔ ታክሲ ነው የምሳፈረው» የምትሉም አትጠፉም። ይገባኛል። ነገር ግን ሚኒባሱም በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው። መኪናዋ የምትገዛበት ዶላር የሁላችንም ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባትሪዋ ቢደክምና መንገድ ዳር ብትቀር፣ የባከነው የአንድ ቤተሰብ ቁጠባ ብቻ አይደለም። በቅርብ የነበረውንም እናስታውስ፦ ሞጆ ላይ ሆላንድ ካር የሚባል መገጣጠሚያ መኪናዎቹን በወንዞቻችን ስም ሰይሞ ነበር፤ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ። አሥር ዓመት ሳይሞላው በኪሳራ ተዘጋ። እነዚያ መኪናዎች ጥሩ ነበሩ? መጥፎ ነበሩ? ምናቸው ይበላሽ ነበር? ከመካኒኮች ትዝታ በቀር የተጻፈ ፋይል የለንም። በአገር ልጅ ስም የተጠራችን መኪና እንኳ ሳንመዘግብ አሳለፍን።

ከሶደሬ ይጀመር

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ትልቅ ቢሮ አያስፈልግም። የፈተና ሜዳ አለን። ከአዲስ አበባ አዳማ፣ ከአዳማ ሶደሬ፣ ደርሶ መልስ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው የክፍያ መንገድ ፍጥነትን እኩል አድርጎ ለመንዳት ይመቻል። ዳገት አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ ብርድና ሙቀት በአንድ ቀን አለው። ከዚህ የተሻለ የመለኪያ መንገድ አሳታሚ ቢመኝም አያገኝም።

የሚያስፈልገው ደብተር ነው። ሲነሱ ባትሪው ስንት መቶኛ ነበር? አዳማ ሲደርሱ ስንት ቀረ? ሲመለሱስ? ስንት ሰው ተጭኗል? ማቀዝቀዣው በርቶ ነበር? መኪናዋ በስንት ተገዛች፣ ምን ተበላሸ፣ መለዋወጫው ስንት ቀን ፈጀ? ይህን መቶ ባለ መኪና በሐቅ ቢጽፍ፣ ከየትኛውም ሻጭ ብሮሹር የሚበልጥ ሰነድ ይሆናል። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፦ መኪናዋ የራስህ ትሁን፤ ከሻጭ ምንም አትቀበል። የፖንቲያኳ ሞተርና የብላውፑንክቷ ሬዲዮ ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

የቆዩትን መካኒኮች ደግሞ ሳይረፍድ እንጠይቃቸው። ሰይቼንቶን የፈቱ፣ ላዳን ከሞት ያስነሱ፣ ፊያት የጭነት መኪና አዋሽ በረሃ ላይ በሽቦ ጠግነው አሰብ ያደረሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ወሬያቸው ተረት አይደለም፤ ያልታተመ ቅጽ ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ስመለስ፣ ያቺን ነጭ መኪና አዳማ ላይ ቻርጅ ስታደርግ አየኋት። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። ወጣቱ ስክሪኑ ላይ የማይገባውን ጽሑፍ እያየ ይጠብቃል። ኤሌክትሪኩ ከየት እንደመጣ አሰብኩ። ከከተማው ማዶ፣ በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ አለ፤ አዋሽ እሱን አልፎ ነው ወንጂንና ሶደሬን የሚያጠጣው። ወራሪው ካንዴላና ባሌስትራ የሚሉ ቃላት ትቶልን ሄደ፤ ካሣው ደግሞ መብራት ሆነ። ሚዛኑን ግን ማንም በካሣ አይሰጠንም፤ ራሳችን መሥራት አለብን።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ ቀጣዩን እሁድ ሶደሬ ደርሳችሁ ስትመለሱ ቁጥሩን ጻፉልኝ። የሻጩን አይደለም፤ የራሳችሁን። ከዚያ ጥያቄው ሲነሳ ያ ልጅ የአምስት ሰው ፊት ማንበብ አይጠበቅበትም።

መልካም መንገድ።